ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለ ጎል

ተከላካዩ በዐሥራ ሁለት ዓመት የክለብ ኑሮው አንድም ጎል አላገባም። ተከላካይ ጎል ባያገባ አይገርምም፤ የእሱ ግን ባዶ ጎል ላይ ሲመታ እንኳ ኳሷ አጥር ዘላ ገበያ ትገባ ነበር። ቲማቲም ሻጮቹ ቁመናውን ሳይሆን ምቱን ያውቁታል።

ቢሆንም አሠልጣኝ ስድስት ጊዜ ተቀያየረ፣ አጥቂዎች እንደ ካልሲ ተለወጡ፤ የእሱ ውል ግን በየዓመቱ ይታደሳል።

"ቡድን የሚያቆመው ልብ ነው" ይላታል ሚስቱን ደረቱን እየደቃ።

"እሱስ እውነት ነው፤ እግር እንደሌለህ አገር ያውቃል" ትለዋለች።

ልቡ ደግሞ ከሜዳ ውጪም አይለግምም። ድሮ የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር፣ የክለቡ ሹፌር ሆዱን በታመመ ቁጥር መሪውን ይዞ ጓደኞቹን ከአርባ ምንጭም ከጅማም በሰላም አምጥቷል።

ጫማውን ሊሰቅል ሲል አሠልጣኝ ደምሰው፣ "ና፣ ተተኪህን አብረን እንምረጥ" ብለው ጠሩት። እሱም ስለ ልብ የሚያደርገውን ንግግር መስታወት ፊት አጥንቶ፣ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሄደ።

ሜዳው ላይ ስምንት ጎረምሶች ይጠብቃሉ። አንዱ ኳሷን በደረቱ አብርዶ፣ በጉልበቱ አንጥሮ፣ ግንባሩ ላይ አሳረፋት። ተከላካዩ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅምና አፉን ከፈተ።

አሠልጣኙ ግን፣ "ተው እባክህ፣ አስቀምጣት" አሉና ወደ ሁሉም ዞሩ።

"የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያለው እጁን ያውጣ!"