ከንጉሡ ባቡር ኋላ

ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉና ስሙኝ። በጃፓን አገር ዕድሜውን ሙሉ ስለ ባቡር፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ንጉሥ የጻፈ አንድ የታሪክ ሊቅ ነበረ። ንጉሡ በባቡር ሲያልፉ ሕዝቡ ሐዲዱ ዳር ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ እንዴት እጅ ይነሳ እንደነበር እንደሱ አድርጎ የጻፈ የለም።

አሮጊት እናቱ ሐዲዱ አጠገብ፣ አንድ ያረጀ የመንግሥት ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ባቡር በሰሙ ቁጥር ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። ለልጃቸው ንጉሡን የሚጠብቁ ይመስለው ነበር። ኋላ ፎቁ ሊፈርስ ሆነና ሊወስዳቸው መጣ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ። ንጉሡ እንደሆኑ ዛሬ በዚህ አያልፉም» አላቸው እየሳቀ።

«ንጉሡን ማን ጠበቀ? አባትህ የዘመተ ለት አንተን አርግዤ ሐዲዱ ዳር ቆሜ ነበር። የንጉሡ ባቡር ሲመጣ ቀና እንዳትሉ አሉን። ከኋላው የዘማቾቹ ባቡር ተከተለ። አባትህ በመስኮት ስሜን ጠራኝ። ቀና በሉ ያለን ስላልነበረ፣ አንገቴን እንደደፋሁ አለፈ። በዚያው ቀረ።»

ዕቃቸው ተጭኖ መኪናው ታች ይጠብቃል። ልጃቸው አዲሱን ቤት የመረጠላቸው የባቡር ድምፅ አይደርስበትም ብሎ ነበር።

እኚያን እናት አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።