ማን አስተናገደዎት?

ቀረብ በይ ልጄ፣ የነጠላዬን ጫፍ ልበሺው። የጥር ንፋስ ከሐይቁ ሲነሣ አጥንት ለአጥንት ይገባል። ጥር በገባ ቁጥር የኪዲ ነገር ይመጣብኛል፤ ዛሬ ላንቺ ልንገርሽ።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ገበያው አጠገብ፣ አንድ የአልጋና የቁም ሣጥን ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ጌትነት ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ችኩል ነው። ሁለት ልጃገረዶች ይሸጡለታል። ማህሌት ኮሌጅ ጨርሳ ከደሴ የመጣች፣ ኪዲ ደግሞ ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣች የቄስ ልጅ። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ያድራሉ። ማበጠሪያቸው እንኳ አንድ ነበር።

እኔ ሱቁ በር ላይ ቆሎ እሸጥ ነበር። ፀሐዩ ሲዞር ኪዲ እየወጣች በርጩማዬን ወደ ጥላው ታዞርልኛለች። ሳልጠራት ነው የምትመጣው።

ሱቁ ሁለመናው መስታወት ስለሆነ ጌትነት ዱላ ይዞ መግባት ከልክሏል። የገጠር ሰው ደግሞ ሚስቱን ረስቶ ይመጣ ይሆናል እንጂ ዱላውን አይረሳም። ስለዚህ ከሐሙሲትም ከቆጋም የመጣው ዱላውን ለእኔ ሰጥቶ ይገባል፣ ሲወጣ ይረከበኛል። አንድም ቀን ተቀያይሮብኝ አያውቅም።

ልጆቹ የሚኖሩት ኮሚሽን በሚሉት ነው። ዕቃ የገዛ ሰው ሊከፍል ሲል የጌትነት እህት አገርነሽ፣ "ማን አስተናገደዎት?" ትለዋለች። የጠራው ስም ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስምሽ ካልተጠራ ቀኑን ሙሉ ብትቆሚም እንዳልቆምሽ ነው።

ያን ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ። ጥር ሲብት ጌትነት ሁለቱን ጠርቶ፣ "ሠርግ ሲያልፍ ማስቀረት የምችለው አንዳችሁን ነው። ስሟ ብዙ የተጠራው ትቀጥላለች" አላቸው።

ኪዲ ያን ዕለት ያቀመስኋትን ቆሎ በእጇ ይዛ ቀረች። አባቷ ዐይናቸው ጠፍቶ ቅዳሴ ካቆሙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ታናናሾቿም የሚማሩት በእሷ ነው።

"እማማ፣ እኔ መሸጥ አላውቅበትም። ማህሌት አፏ ማር ነው" አለችኝ።

"እግዜር አለ" አልኋት።

እውነቷን ነው፣ አታውቅበትም። አንድ ሽማግሌ "ይህ አልጋ ይበረክታል?" ቢሏት፣ "እግሩ ይሰነጠቃል አባባ" ብላ መለሰችላቸው። ሰውየው ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ትሸጫለሽ ወይስ ንስሐ ትገቢያለሽ?"

ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማህሌት ግማሽ ቀን ያስተናገደችው የሐሙሲት ሰው፣ አገርነሽ ስትጠይቀው "ኪዲ" አለ። ማህሌት ተሳስቶ ነው ብላ ሳቀች። በማግሥቱ ከቆጋ የመጡ ሽማግሌ እንዲሁ አሉ።

"አባባ፣ ፍራሹን ያወረድኩልዎት እኔ አይደለሁም?"

"ነሽ እንጂ ልጄ።"

"ታዲያ?"

"ኪዲ ብያለሁ፣ ኪዲ ነው" አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ማህሌት አልሳቀችም። በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

"ምን ብለሽ ነው የምታስጠኚያቸው?"

"ማንንም አላናገርሁም።"

"ታዲያ ስምሽን መልአክ ነው ሹክ የሚላቸው?"

"በአባቴ መስቀል፣ ማህሌት።"

"አባትሽን ተያቸው፣ ዐይን የላቸውም፤ አያዩሽም።"

ያን ቀን ማበጠሪያቸው ተለየ፤ ኪዲ የራሷን ገዛች።

ጌትነት ደብተሩን አገላበጠ። መምህሩም የቢሮ ሠራተኛውም ያስተናገደችውን ሳይስት ይጠራል። ኪዲ፣ ኪዲ የሚለው ገጠሬው ብቻ ነው። "የአገርሽን ሰው እያባበልሽ ነው" አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቃት። ልጅቱ ከጥጓ ንቅንቅ አላለችም፤ ገጠሬው ግን ኪዲ ማለቱን አልተወም።

"እንግዲያስ ጧት መንገድ ላይ እየጠበቀች ነው የምታናግራቸው" አለ ጌትነት።

ጥር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰው ፊት "ሌባ" ብሎ አስወጣት። ኪዲ አላለቀሰችም። ሹራቧን ደርባ ወጣችና ጉልበቴን ሳመች።

"እማማ፣ እርስዎ እንኳ ያምኑኛል?"

"አምንሻለሁ ልጄ።"

"ለምን እንደሚጠሩኝ እኔም አላውቅም" አለች። በርጩማዬን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጥላው አዞረችልኝ። እኔ የሰው ዱላ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ተነሥቼ መግባት ነበረብኝ፤ አልገባሁም።

እንግዲህ የሁሉም ነገር እንዲህ ሆነ። ጌትነት በሁለተኛው ዓመት ሱቁን ዘጋ። አገርነሽ ጎንደር ገባች። ማህሌት ሱቁ እስኪዘጋ ሥራዋ ላይ ቆየች፤ ኋላም አግብታ ወለደች፤ የኪዲ ስም ሲነሣ አሁንም ፊቷ ይጠቁራል። የኪዲ አባት "የቄስ ልጅ ሌባ" መባሉን ሰምተው በዚያው ዐቢይ ጾም ዐረፉ። ታናናሾቿ ትምህርታቸውን ተዉ። እሷ ደቅ ላይ ዓሣ ታደርቃለች አሉ፤ ጀልባ ወደ ከተማ ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ቆሎውንም በሩንም ትቻለሁ።

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን ነው የምነግርሽ። ዱላቸውን ስቀበል፣ "ውስጥ ማን አስተናገደዎት ሲሉዎ፣ ኪዲ ይበሉልኝ፤ የእናት አደራ" እያልሁ የማስገባቸው እኔ ነበርሁ።