እፍ ይባላል

በጀርመኗ ከተማ ብሬመን ላይ እያካፋ የቀትሩ ደወል ተደወለ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ግን አንድም ልጅ አልወጣም። የልጅ ልጃቸውን ለምሳ ሊወስዱ የቆሙት ሽማግሌ የድንች ሾርባውን ድስት እንዳይበርድ ቤት አልጋቸው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነበር የመጡት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡ፤ ለካ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹ ምሳቸውን እዚሁ በልተው እስከ አስር ሰዓት ይቆያሉ!

ገርበብ ባለው መስኮት አጮለቁ። ልጆቹ በጠረጴዛው ዙሪያ እጅ ለእጅ ተያይዘው «መልካም ምግብ!» ብለው ጮኹ። የልጅ ልጃቸው ቲልዳ፣ እሳቸው እፍ ካላሉላት ሾርባ የማትቀምሰው ቲልዳ፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ትንሽ ልጅ ማንኪያ ያዘች።

«ቆይ፣ አንተ ችኩል! መጀመሪያ እፍ ይባላል» አለችው፤ በእሳቸው ቃል፣ በእሳቸው ቁጣ። ጉንጮቿን ነፍታ እፍ አለችለት። ቀና ስትል አየቻቸው።

«አባባ! ገና ነው እኮ፤ አስር ሰዓት ና!»

ሽማግሌው በዚያ ካፊያ ባርኔጣቸውን አወለቁላት።