ዝም የሚለው ሰርቨር

ኢንጂነሯ ከሥራ ስትባረር ያላለቀሰችው በእልህ ነው። ቦታዋን የወሰደው የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ነበር፤ ሠራተኛው "ባለከራባቱ" ይለዋል። ሳላስለቅሰው አልሞትም ብላ ዛተችና አባቷ ቤት ገባች።

አባቷ እዚያው መሥሪያ ቤት የመብራት ሠራተኛ ነው፤ የማይገባበት ክፍል የለም። ባለፈው ረቡዕ ጉንፋን ጥሎት ከመዋሉ በቀር ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።

"ተይው ልጄ፣ እግዜር ይከፍለዋል" ይላታል።

"እኔ እያለሁ እግዜር ለምን ይድከም?" ትለዋለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጡበት ድረ ገጽ በየቀኑ ቀጥ እያለ ደንበኛውን አስመርሯል።

"ቤትሽ ሆነሽ እይልኝ። ካስተካከልሽው ቦታሽ ያንቺ ነው። ብቻ ማንም እንዳይሰማ፣ አባትሽም ቢሆን።"

"የእህትዎ ልጅ ምን ይላል?"

"ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም እንዲሠራ አድርጌዋለሁ እያለ ይፎክራል።"

ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል፣ ከፈተች። አንድም የስህተት መልእክት የለም፤ ጽሑፉ መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። ነገሩ ገባት። ባለከራባቱ ሎጉን በኔትወርክ፣ ሌላ ክፍል ወዳለ የጋራ ዲስክ አዙሮታል። ያ ዲስክ ሲጠፋ ሰርቨሩ አንዲት መስመር ካልጻፍኩ ብሎ ተገትሮ ይቀራል፤ መቆሙን እንኳ የሚጽፍበት የለውም። ሎጉን ወደ ሰርቨሩ የራሱ ዲስክ መለሰችው።

በማግስቱ ድረ ገጹ ሳይቆም ዋለ። የጋራውን ዲስክ መዝገብ ስታይ ግን የኔትወርክ ገመዱ ጠዋት ተነቅሎ ከሰዓት ተሰክቷል። ስልኳን አነሳች።

"ብልሽት አይደለም፣ ሰው እየነቀለው ነው። የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

"የእህቴ ልጅ ጋ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እንግዲህ ራሱ አቁሞ ራሱ እያስነሳ ጎበዝ ሊባል ፈልጎ ይሆናላ።"

ማስረጃ እንደሌላት ታውቃለች። ቢሆንም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ መልሶ ደወለ። ባለከራባቱን አሁን አሰናብቶታል።

"እንደ ልጅ አለቀሰ። ሚስቱ አራስ ናት፣ አሳዘነኝ።"

"ለእኔስ ማን አዘነልኝ?" አለችና ዘጋችው።

አባቷ ገባ። ኮቱን ሰቀለና ቅር እንዳለው አጠገቧ ተቀመጠ። የምሥራቹን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

"ልጄ፣ ያን ገመድ ዛሬም ነቅዬው ነበር፤ ምነው ሳይቆም ዋለ?"