«ኑ» የደረሳት እንግዳ

እንግዳዋ ከሻይ ቆርቆሮው ያወጣቻትን የእንጨት ፊደል ገልብጣ ስታሳይ ፉሳኤ ክው አለች። «ኑ» ነበረች። ፉሳኤ ራሷ ማንም ሳያያት ከቦርሳዋ አውጥታ ቆርቆሮው ውስጥ የከተተቻት፣ ለራሷ ያሰበቻት «ኑ»።

«ወይ ጉድ! ይቺን ደግሞ ማን መለሳት?» አለ ጌንዞ። በረዶ ፋብሪካ ሲሠራ ያረጀ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ልጄ፣ መልሻትና ሌላ አውጪ። እሷ ባለቤት አላት።»

በዚህ መጠጥ ቤት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካራኦኬ የሚዘፈነው በዕጣ ነው። የደረሰህ ፊደል የዘፈንህ ስም የሚጀምርበት ድምፅ ነው። «ካ» ለደረሰው ዘፈን ሞልቷል፣ ለ«ሳ»ም እንደዚያው። በ«ኑ» የሚጀምር ግን ማሽኑን ሲያስሱ ቢውሉ ከጥቂት አያልፍም፣ የዚህች የጃፓን ወደብ፣ የኩሺሮ ሰዎች የሚወዱት ደግሞ አንዱን ብቻ ነው፤ «ኑካሩሚ ሚናቶ»፣ ጭቃማው ወደብ። እሱ የቶኩጂ ነው። የሰው ዘፈን አይነካም፣ ባለቤቱ ቢሞትም አይነካም። ቶኩጂ ባለፈው የበረዶ ወራት ሲሞት፣ ሁሉም «ማማ» የሚላት የቤቱ ባለቤት ኪኩኤ ፊደሏን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለሚስቱ ለፉሳኤ ሰጠቻት።

ፉሳኤ ባሏ ሲዘፍን ከማጨብጨብ በቀር ማይክ ይዛ አታውቅም። ዛሬ ግን ቆርጣ መጥታለች። ጎረቤት እንዳይሰማት የወጥ ቤቱን ቧንቧ እየከፈተች ዘፈኑን ወራት ሙሉ ተለማምዳዋለች። ፊደሏንም ቆርቆሮው ውስጥ ከሌሎቹ ፊደሎች በላይ ነበር ያስቀመጠቻት። ምን ያደርጋል፣ ማማ «እንግዳ ይቅደም» ብላ ቆርቆሮውን ወደ በሩ ይዛው ሄደች። እዚያ፣ ፉሳኤ ካለችበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ የተቀመጠች፣ ሠላሳውን ያለፈች አንዲት ሴት ነበረች።

«ይቅርታ፣ በ‹ኑ› አንድ አውቃለሁ» አለች እንግዳዋ ጎንበስ ብላ። ዘፈን የሚመረጥበትን ታብሌትም ነክታው ኖሯል፣ የወደቡ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ማማ ልታጠፋው ተንደረደረች።

«ተያት» አለች ፉሳኤ። በእንግዳ ፊት ምን ይባላል።

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነች። ድምፅዋ ክፉ አይደለም። «ከእኔ ግን አትሻልም» ብላ ፉሳኤ በልቧ ተጽናናች።

ሁለተኛው ስንኝ መጣ። ቶኩጂ ከዚህ ጀምሮ በየስንኙ መግቢያ ነበር ሁልጊዜ የሚሳሳተው። ቃሉ ስክሪኑ ላይ እየሮጠ ጥሎት ሲሄድ እሱ ዝም ይላል፣ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሁለቴ ያንኳኳል፣ ከዚያ ዘግይቶ ይገባል። ማሽኑ ነጥብ ይቀንስበታል፣ ጌንዞ ይስቅበታል፣ እሱ ግን አላረመውም። ምክንያቱን የምታውቀው ፉሳኤ ብቻ ነበረች። ከባሕር በተመለሰ ቁጥር በራቸውን የሚያንኳኳው እንደዚያ ነው። «ይቺ ያንቺ ናት» ብሏት ነበር፣ አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ።

ቃሉ ስክሪኑ ላይ ሮጠ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ገባች።

የጌንዞ ብርጭቆ አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። የፉሳኤ ጆሮ ጭው አለ። ስንኙ ሲያልቅ እንኳ አልሰማችም።

ዜማው ብቻውን ቀጠለ፣ ሦስተኛው ስንኝ እስኪደርስ።

«ልጄ፣ ማነው እንደዛ አድርጎ ያስተማረሽ?» አለች ማማ።

«አባቴ ነው» አለች ሴትዮዋ እያፈረች። «ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሚያጠምድባት ጀልባ ሃኮዳቴ ወደብ ስትገባ እኛ ጋ ይመጣና በሩን እንደዚህ ያንኳኳል። ዘፈኑ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ‹ይቺ ያንቺ ናት› ይለኛል። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ረቡዕ ረቡዕ እዚህ ቤት ሲዘፍን ማንም እንደማያርመው ነግሮኝ ነበር።» ቤቱን ቃኘች። «ቶኩጂ ነው ስሙ። እናንተ ታውቁታላችሁ?»

ጌንዞ ለውዙን አቀርቅሮ ያይ ጀመር። ፉሳኤን ላለማየት ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ሲያይ፣ በጣት ከመጠቆም የባሰ ሆነባት።

ልጅ አልወለዱም። «ለእኛ አልተጻፈልንም፣ ምን ይደረግ» እያለ እንባዋን የሚጠርገው ራሱ ቶኩጂ ነበር። አሁን ጆሮዎቹን፣ እነዚያን ወደ ፊት ያዘነበሉትን ጆሮዎች፣ ሌላ ሴት በወለደችው ልጅ ራስ ላይ አየቻቸው። ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ በዚህ ማይክ ግንባሩን ባለችው። ከዚያ ደግሞ ማልቀስ አማራት።

አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትፈለገው። አናውቀውም ከተባለች ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ባቡሯ ትሄዳለች፣ ቶኩጂም የፉሳኤ ብቻ እንደሆነ ይቀራል።

ሴትዮዋ አጠገቧ ወዳለችው አሮጊት ዞረች። «እርስዎስ፣ እትዬ?»

«አላውቀውም» አለች ፉሳኤ።

ማማ አቀረቀረች። ሴትዮዋ አመስግና ጎንበስ አለች፣ ማይኩንም አነሳች። ሦስተኛው ስንኝ ደረሰ። ቃሉ ስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመረ፣ ሴትዮዋ ዝም አለች፣ ጠረጴዛውን ልታንኳኳ እጇን ከፍ አደረገች።

ኳ፣ ኳ።

የሴትዮዋ እጅ ገና አየር ላይ ነው። ቀስ ብላ ዞረችና የፉሳኤን ጣቶች አየች። ፉሳኤም አየቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ታጥፈው እንደቀሩ።