በደጀ ሰላሙ የምትቆመው መኪና

ወልደገብርኤል ሚስቱን "እንዴት አደርሽ" ማለት ይረሳል፤ መኪናውን ግን ረስቷት አያውቅም። ስሟን ሙሽሪት ብሏታል። ሙሽሪት አርባ ዓመት አልፏታል። ቀለሟ ተልጧል፣ የኋላ በሯ በገመድ ይታሰራል። ቢሆንም ከቀበና እስከ እንጦጦ ያለውን ዳገት እያለከለከች ትወጣለች።

ከገና ወዲህ ግን አመል አወጣች። አንድ እሁድ ባልና ሚስቱ ለቅዳሴ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትደርስ ሁለቴ ስላ ቀጥ አለች።

ወልደገብርኤል ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ቀበረ። ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ አዩት።

"አባባ፣ እሷንም ይጫኑብን፤ ከተማ እናደርስልዎታለን" አለች አንዷ።

ሚስቱ አፀደ ከፊት ወንበር አልተነሳችም። ቅዱስ ስፍራ ነው ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ጀምሮ ጫማዋን አውልቃለች።

"ቤንዚን አይደርሳትም" አላት።

"ቤንዚንማ ሞልቷል። ያንተ ኃጢአት ከብዷት ነው። የሸሸግከኝ ካለ ተናገር።"

ሳቀባት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁልፉን ቢያዞር ሙሽሪት አልሰማችውም። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ተሸነፈ።

"እሺ፣ አምና በሁዳዴ ክትፎ በልቻለሁ።"

"አንዴ?"

"ሦስቴ።"

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

ሰኞ ቀበና ወዳለው ጋራዥ ወሰዳት። ለገና ቤንዚን የሚስብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የገጠመላት መካኒኩ ሬድዋን ፊልትሮውን ፈትቶ ጭቃ አራገፈ።

"ይኸው በሽታዋ፣ ጋሼ። እትዬ አፀደ ደህና ናቸው?"

"እሷን ተዋት፣ መኪናዋን እያት።"

በሚቀጥለው እሁድ ሙሽሪት እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። አፀደ እጆቿን አጣጥፋ አየችው።

"የእናትሽን ጋቢ የሰረቀው ሌባ አይደለም" አለ ወልደገብርኤል። "ሞተር ወልውዬበት ጣልኩት።"

አፀደ እስከ ሰባት ትውልዱ ሰደበችው። ስድቡ ሲያልቅ መኪናዋ ተነሳች።

በማግስቱ ሬድዋን ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ የቤንዚን ታንከሩን አውርዶ ገለበጠው። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች እስከ እንጦጦ ነዷት። ደጁን ሁለቴ አለፈችው፤ አንዴም አላሳላትም።

"እየቀለድክብኝ ነው?" አለ ወልደገብርኤል።

ሬድዋን መሬት መሬት አየ። "ጋሼ፣ ቤንዚኑ እንደ ወንዝ ይወርዳል። እዚያ ደጅ ላይ የሚሆነውን እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በምን አውቃለሁ?"

አፀደ ይህን ስትሰማ ፈረደች። "ደግማ ከቆመች ለቆራሌው ነው። በቆርቆሮ ሂሳብ ይውሰዳት።"

ወልደገብርኤል ሳምንቱን ምግብ አልበላለት አለ። ሙሽሪትን ሲቆራርጧት ይታየው ነበር።

በሦስተኛው እሁድ ትንፋሹን ይዞ ነዳ። መታጠፊያውን አለፈ። ደጁ ታየ። ሙሽሪት ሁለቴ ሳለች፤ ቆመች።

አፀደ ስልኳን አወጣች። "የቆራሌው ቁጥር አለኝ።"

ወልደገብርኤል መሪውን ጨምድዶ ያዘ። "ወንድምሽ ሰርፀ..." አለ።

ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ስድስት ዓመት የቀረው ተቀይሞሽ አይደለም። ያቺን የኋላ በር የገጨው እሱ ነው። ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት። አንቺም ልታይው እንደማትፈልጊ ነገርኩት። ላንቺ ደግሞ ረስቶሻል አልኩሽ።"

አፀደ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"አስነሳት" አለች በመጨረሻ።

ተነሳች።

በማግስቱ ወልደገብርኤል ብቻውን ወደ መሪ ሰፈር ሄደ። ሰርፀ የሚኖርበትን ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አማቹን በሙሽሪት ጭኖ ቤቱ አመጣው። እህትና ወንድም ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሱ ውጭ ቆሞ መኪናዋን ይወለውል ነበር።

አፀደ ለእራት ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ በጋራዡ በኩል አለፈች። ሬድዋን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረባት፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እንግዲህ ከእግርዎ ሥር የገጠምኩልዎትን የቤንዚን ፓምፕ ማጥፊያ ልንቀለው?"

"እስከ ፋሲካ ይቆይ" አለች አፀደ።