ደወሉ የጠበቀው ቃል

የሆስፒታሉን የደወል ፕሮግራም የጻፈው ፕሮግራመር «ቀይ» የሚለውን ቃል አስገብቶ «ፈልግ» የሚለውን ሲጫን ኮምፒውተሩ አንድ መስመር ብቻ አወጣለት። በጥቅስ ምልክት ውስጥ «ቀይ» ይላል።

ከወር በፊት የሆስፒታሉ ኃላፊዎች የጠና ሕመምተኛ ምልክት ከ«ቀይ» ወደ «አስቸኳይ» ይለወጥ ብለው ነበር። ቃሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ሃያ ሦስት ቦታ በእጅ ተጽፏል። አንድ በአንድ እየለቀመ ሲለውጥ፣ ሃያ ሁለተኛውን እንደጨረሰ ስልክ ተደወለለት፤ አውርቶ ሲመለስ የጨረሰ መሰለው። የቀረችው የነርሶቹን ደወል የምታስጮኸዋ ነበረች። የሕመምተኛው አልጋ ላይ ያለው መሣሪያ «አስቸኳይ» እያለ ሲጣራ፣ ደወሉ «ቀይ» እስኪባል ይጠብቅ ነበር።

አለቃው ገና ከጅምሩ መክሮት ነበር። «ቃሉን ስም ሰጥተህ አንድ ቦታ አስቀምጠው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይውሰድ። ስትለውጥም አንዴ ትለውጣለህ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው፣ ወንድሜ።»

እሱ ግን «ለአንዲት ቃል ይሄ ሁሉ ጣጣ!» ብሎ ስቆ አለፈው። ምነው ያን ቀን ምላሴ በተቆረጠ አለ በሆዱ።

የስድስት ቁጥር አልጋው አዛውንት ከሞቱ ሦስት ቀን ሆነ። «ደወሉን እየሰሙ አልተነሱም» ተብለው የተከሰሱት የዚያ ሌሊት ተረኛ ሲስተር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ካገለገሉበት ሥራ ዛሬ ሊሰናበቱ ነው። ቃሏን አሁን ቢለውጣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። እጁ ወደ ቁልፎቹ ሄደ። ከዚያ ቃሏን ሳይነካ ላፕቶፑን እንደተከፈተ አቅፎ ወጣ።

ሲስተር ጉዳያቸውን ከሚያየው ኮሚቴ በር አጠገብ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ሲስተር፣ ደወሉ አልጮኸም።»

«ምን አልክ?»

«አልጮኸም። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ቀይ»ን ወደ «አስቸኳይ» ስለውጥ አንድ ቦታ ረስቼ...» ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረው።

ይጮሁብኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን ማያ ገጹን ትክ ብለው አዩት፤ ያቺን አንዲት ቃል።

«እኔ እኮ ሰው ይሳሳታል እንጂ ማሽን አይሳሳትም ብዬ...» አሉ። «እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገኝ ነው እንጂ እንዴት አልሰማም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ትናንት የሟቹ ቤት ሄድኩ፣ ልጄ። ገደልኩባችሁ ብዬ ልጆቻቸው እግር ላይ ወደቅኩ።»

«ምን አሉዎት?»

«አነሱኝ። አብረውኝ አለቀሱ። ይቅር አሉኝ።»

የእሱን ጥፋት እሳቸው ተሸክመው ሄደው፣ ይቅርታውንም በእሱ ፈንታ ተቀብለው መጥተዋል።

በሩ ተከፈተ። «ሲስተር፣ ይግቡ» አለች የኮሚቴው ጸሐፊ።

እሱ ቀድሞ ተነሳ። «ከዚህ ስንወጣ» አላቸው፣ «የልጆቹን ቤት ያሳዩኛል?»

ሲስተር ክንዱን ያዝ አድርገው ተነሱ።